የሚያሸና መድኃኒት ለሰውነት እብጠት ሲታዘዝ፦ አወሳሰዱና ክትትሉ

ሰውነት ውኃ ቋጥሮ እግር ሲያብጥ፣ ሆድ ሲነፋ ወይም ሳንባ ፈሳሽ ሲይዝ ሐኪሞች የሚያሸና መድኃኒት ያዝዛሉ። መድኃኒቱ ውኃውን በቀጥታ አይገፋውም። ሥራው ኩላሊት ላይ ነው፤ ኩላሊት አጣርቶ ወደ ደም ሊመልሰው ከነበረው ጨው ከፊሉን እንዳይመልስ ያግደዋል፣ ጨውም ወደ ሽንት ሲሄድ ውኃ ተከትሎት ይወጣል። ከጨዉ ጋር ፖታሲየምና ማግኒዚየም አብረው ሊወጡ ይችላሉ፤ ውኃውም ካበጠው እግር ብቻ ሳይሆን ከደም ሥር ውስጥ ጭምር ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ በደንብ ሠራ የሚባለው ብዙ ስላሸና ሳይሆን የተረፈውን ፈሳሽ አስወጥቶ የደም ግፊትን ሳያወርድ፣ ኩላሊትን ሳይጎዳና የደም ጨዋማ ንጥረ ነገሮችን ሳያዛባ ሲቀር ነው። ይህን በስሜት መለየት አይቻልም። የሚለየው በየጠዋቱ በሚለካ ክብደትና በቀጠሮ በሚሠራ የደም ምርመራ ስለሆነ፣ የዚህ መመሪያ ሰፊው ክፍል የተሰጠው ለእነዚሁ ለሁለቱ ነው።

ጽሑፉ መድኃኒቱ በሐኪም ለታዘዘለት ሰውና ለአስታማሚው የተዘጋጀ ነው። እዚህ ከተጠቀሱት ቁጥሮች የተለየ ትእዛዝ ሐኪምዎ ከሰጠዎ የእርሱን ይከተሉ።

ደረጃ 1፦ ሰውነትዎ ያበጠበትን ምክንያት ይወቁ

እብጠት ምልክት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። የሚያሸና መድኃኒት በይበልጥ የሚጠቅመው ኩላሊት ጨውና ውኃ አብዝቶ በመያዙ ለመጣ እብጠት ሲሆን፣ ዋነኞቹ መነሻዎችም የልብ ድካም፣ ጉበትን በጠባሳ የሚያደነድነው ሲሮሲስ፣ እንዲሁም ፕሮቲን በሽንት እንዲወጣ የሚያደርጉ የኩላሊት በሽታዎች ናቸው። ሐኪምዎን «እብጠቴ ከምን የመጣ ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ጽፈው ይያዙ። በቀን ምን ያህል ኪሎ መውረድ እንዳለበት ሳይቀር በዚህ መልስ ላይ ይወሰናል።

ክኒኑ የማይመልሳቸው እብጠቶችም አሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚትን ሲያሳብጥ፣ ምክንያቱ ሰውነት ውኃ ማብዛቱ ሳይሆን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሰፍተው ፈሳሽ ወደ ዙሪያቸው ማሾለካቸው ነው። ለዚህ እብጠት የሚያሸና መድኃኒት መደረብ ብዙም አይረዳም፤ አንዱ መድኃኒት ላመጣው ችግር ሌላ መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ ሐኪሙ የአምሎዲፒኑን መጠን ቢቀንስ ወይም በሌላ ቢተካው ይሻላል። የእግር ደም መላሽ ሥሮች ሲደክሙ ለሚመጣ እብጠት ደግሞ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በሐኪም ምክር የሚለበስ እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ካልሲ ይበልጥ ይጠቅማሉ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም በውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት ፊቷና እጇ አብጦ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣባት ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ መፍትሔውም የሚያሸና ክኒን አይደለም።

ከዚህ በመነሣት፣ ለሌላ ሰው ታዝዞ የተረፈ ክኒን መውሰድ ለምን አደገኛ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ክብደት ለመቀነስ ብሎ መዋጥም እንደዚሁ ነው፤ ሚዛኑ ላይ የሚወርደው ስብ ሳይሆን ውኃ በመሆኑ በጥቂት ቀን ይመለሳል፣ በመካከሉ ግን ፖታሲየም ወርዶ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ስፖርተኞች እነዚህ መድኃኒቶች በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የተከለከሉ መሆናቸውንም ማወቅ አለባቸው።

ደረጃ 2፦ የታዘዘልዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

በአንድ ስም ቢጠሩም ሦስት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ፉሮሰማይድ፣ ብዙዎች ላሲክስ በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት፣ ከኃይለኞቹ ወገን ነው። ተውጦ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ይበረታል፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ቆይቶም ያበቃል። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው መጠን ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው ላይም ከቀን ቀን በጣም ይለያያል፤ በአማካይ ግማሽ ያህሉ ይገባል ተብሎ ይገመታል። ቶራሰማይድና ቡሜታናይድ ከዚሁ ወገን ሆነው አገባባቸው የተሻለ ቋሚ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተው በነበሩ ሕሙማን ላይ ቶራሰማይድን ከፉሮሰማይድ ጋር ሲያወዳድር በሞት መጠን ልዩነት አላገኘም፤ ስለዚህ «የእኔ ያኛው አይደለም» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድና መሰሎቹ ለዘብ ያሉ፣ ነገር ግን ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠሩ ናቸው፤ በብዛት የሚታዘዙትም ለደም ግፊት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳን ለፀሐይ ስለሚያጋልጥና ለረጅም ዘመን ሲወሰድ አንዳንድ የቆዳ ካንሰሮችን የመያዝ ዕድል እንደሚጨምር ስለታወቀ፣ የሚወስደው ሰው ከብርቱ ፀሐይ ራሱን ቢከልልና አዲስ ቁስል ወይም እባጭ በቆዳው ላይ ሲያይ ቢያሳይ መልካም ነው።

ሦስተኛው ስፓይሮኖላክቶን ነው። ከሌሎቹ በተቃራኒ ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየትም ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። ስለ እርሱ ጠበቅ አድርጎ መያዝ የሚገባው ነገር አለ፤ ለልብ ድካም በአነስተኛ መጠን ሲታዘዝ ዋና ዓላማው ማሸናት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው ሕሙማን መድኃኒት ላይ ስፓይሮኖላክቶን ሲጨመር የሞት አደጋ በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እብጠቱ ጠፋ ብሎ እርሱን ማቆም የሕይወት ጥበቃን ማቆም ሊሆን ይችላል። በወንዶች ላይ የጡት ማበጥና ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ ይህ ሲሆን ተደብቆ ማቆም ሳይሆን ለሐኪም መንገር ይገባል፣ የሚተካው መድኃኒት አለና።

የመድኃኒቶችዎን ማሸጊያ ሁሉ አንድ ላይ አድርገው ያንብቡ። አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች ሃይድሮክሎሮታያዛይድን በውስጣቸው ይዘው የሚመጡ ድብልቆች ስለሆኑ፣ ሰው ሳያውቀው ሁለት የሚያሸኑ መድኃኒቶችን ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ለሐኪሙ የሚነገረውን ይናገሩ

ሰልፋ በሚባሉ አንቲባዮቲኮች ከባድ አለርጂ ደርሶብዎ ከሆነ፣ ሪህ፣ የስኳር በሽታ፣ የመስማት ችግር ወይም በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የመታገት ችግር ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ሽንት የታገተበት ሰው የሚያሸና መድኃኒት ሲወስድ ፊኛው ይሞላል እንጂ አይቀልለትም። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዙትንና ከዕፅዋት የተዘጋጁትን ጨምሮ፣ በወረቀት አስፍረው ይስጡ። በዚያው ቀን ክብደትዎን፣ ተቀምጠውና ቆመው የተለካ የደም ግፊትዎን፣ እንዲሁም የደም ፖታሲየም፣ ሶዲየምና የክሪያቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ ልኬት) ውጤትዎን በደብተር ይመዝግቡ። በኋላ የሚመጣ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ መነሻ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ደረጃ 4፦ የመውሰጃ ሰዓቱን ያደላድሉ

በቀን አንድ ጊዜ የታዘዘ ከሆነ ጠዋት ይውሰዱት። ሁለት ጊዜ ከሆነ የመጀመሪያውን ጠዋት፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ቢዘገይ ከ10 ሰዓት በፊት ይውሰዱ፤ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፣ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ መውደቅንም ያመጣል። አረጋውያን ላይ ከክኒኑ ይልቅ ይህ ውድቀት የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከመኝታ ሲነሡ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ጥቂት ቆይተው ይቁሙ።

ምግብ ፉሮሰማይድ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይቀንሳል፤ ስፓይሮኖላክቶንን ግን ይጨምረዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ወጥነት ነው፤ በባዶ ሆድ ከጀመሩ ሁልጊዜ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ ጋር ከጀመሩ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ይውሰዱ። የጨጓራ መድኃኒት የሆነውን ሱክራልፌት የሚወስዱ ከሆነ ከፉሮሰማይድ ጋር ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ያድርጉ።

ጉዞ ወይም ረጅም ስብሰባ ሲኖር ብዙ ሰዎች ክኒኑን ይዘሉታል፤ በየሳምንቱ ሲደጋገም እብጠቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ፉሮሰማይድ ቶሎ ጀምሮ ቶሎ የሚጨርስ በመሆኑ በዚያ ቀን ሰዓቱን በጥቂት ሰዓታት ማዘግየት ከመዝለል ይሻላል፤ ይህን ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ረስተው ቀኑ ካልመሸ ባስታወሱ ጊዜ ይውሰዱት። ከመሸ ግን ይተዉትና በማግሥቱ በተለመደው ሰዓት የተለመደውን መጠን ብቻ ይውሰዱ፤ የትናንቱን ደርቦ መዋጥ አይገባም።

ደረጃ 5፦ በየጠዋቱ ይመዘኑ

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ስብ ወይም ጡንቻ መጨመር ግን አይቻልም። በአጭር ጊዜ የሚታይ የክብደት ለውጥ በአብዛኛው የውኃ ለውጥ የሆነው ለዚህ ነው። በልብ ድካም ላይ ብዙውን ጊዜ እግር አብጦ ከመታየቱ ወይም ትንፋሽ ከማጠሩ በፊት ሚዛኑ ይናገራል፤ ይህንን ቀደም ያለ ማስጠንቀቂያ መጠቀም ወይም ማባከን የሕመምተኛው ምርጫ ነው።

አመዛዘኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጠዋት ተነሥተው፣ ሽንት ሸንተው፣ ቁርስ ሳይበሉና ክኒኑን ሳይውጡ፣ በተመሳሳይ ቀላል ልብስ፣ በጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ በተቀመጠ በዚያው ሚዛን ይመዘኑ፤ ወዲያውኑ ከቀኑ ጋር ይጻፉት። ሚዛኑ ከሌላ ሚዛን ጋር በግማሽ ኪሎ ቢለያይ ግድ የለም፤ የሚፈለገው ከትናንት ጋር ያለው ልዩነት ነው።

ከዚያ «ደረቅ ክብደት» የሚባለውን ከሐኪምዎ ይጠይቁ። ይህ እብጠቱ ጠፍቶ፣ ትንፋሽ ተስተካክሎ፣ ማዞርም ሳይኖር የሚመዘኑት ክብደት ነው። በልብ ድካም ላለ ሰው በአንድ ቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ወይም በአንድ ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ለሐኪም የሚያስደውል ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ክብደት በዚህ መጠን ሲጨምር ለጥቂት ቀናት ተጨማሪ ክኒን እንዲወሰድ አስቀድመው በጽሑፍ ይፈቅዳሉ፤ እንዲህ ያለ የተጻፈ ፈቃድ ከሌለ ግን በራስ ግምት መጨመር አይገባም።

በተቃራኒው ያለው አደጋም እኩል ክብደት አለው። ሚዛኑ ከደረቅ ክብደት በታች እየወረደ ሲሄድና ማዞር፣ የአፍ መድረቅ፣ ድካም ወይም የሽንት ማነስ ሲጨመርበት፣ መድኃኒቱ ከሚፈለገው በላይ አስወጥቷል ማለት ነው። በሲሮሲስ ምክንያት ሆዳቸው ውኃ የያዘ ሰዎች በተለይ መጠንቀቅ አለባቸው። የሆድ ውስጥ ፈሳሽ ወደ ደም ሥር የሚመለስበት ፍጥነት የተወሰነ ስለሆነ፣ እግር ያላበጠባቸው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ እግርም ያበጠባቸው ደግሞ ከ1 ኪሎ በላይ እንዳይቀንሱ ይመከራል። በፍጥነት መድረቃቸው ጥሩ ውጤት መስሎ ቢታይም ኩላሊታቸውን ሊያቆምና አእምሮን ወደ ማደናገር ሊያደርስ ይችላል።

ሚዛን የሚያታልልበት አንድ ሁኔታ አለ። የረጅም ጊዜ ሕመምተኛ ምግብ እያነሰው ጡንቻው ሲመነምን፣ የጎደለውን ሥጋ ውኃ እየተካው ቁጥሩ ለወራት ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከሚዛኑ ጋር ሌሎች ነገሮችን ያስተውሉ፤ የቅልጥም አጥንትን በአውራ ጣት ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭነው ጉድጓድ ይቀር እንደሆነ፣ ጫማና ቀበቶ ይጠብ እንደሆነ፣ ለመተኛት ተጨማሪ ትራስ ያስፈልግ እንደሆነ ይመልከቱ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ውኃው የሚጠራቀመው ወገቡ አካባቢ በመሆኑ አስታማሚው እግሩን ብቻ አይቶ «ደርቋል» እንዳይል። ሐኪሙም ደረቅ ክብደቱን በየጊዜው እንደገና መወሰን ይኖርበታል።

ደረጃ 6፦ ጨውን ይቀንሱ፣ ውኃን በመጠን ይጠጡ

ፉሮሰማይድ ሠርቶ ሲያበቃ ኩላሊት የጠፋበትን ጨው ለመተካት ከቀድሞው ይበልጥ አጥብቆ ጨው መያዝ ይጀምራል። ጠዋት አንድ ጊዜ የሚወስድ ሰው ከ24 ሰዓት ውስጥ 6 ሰዓት ያህል ጨው ሲያወጣ ቀሪውን 18 ሰዓት ደግሞ ያከማቻል ማለት ነው። በእነዚያ ሰዓታት የሚገባው ጨው ብዙ ከሆነ ጠዋት የወጣው ሁሉ እስከ ማግሥቱ ተመልሶ ይገባል፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲሸና ውሎ ሚዛኑ ግን አይወርድም። «ክኒኑ አይሠራም» ከሚባልባቸው አጋጣሚዎች ብዙዎቹ ክኒኑ ሠርቶ ጨው ያሸነፈባቸው ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ ማለትም ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም ሲሆን፣ ይህ በምግብ ውስጥ ያለውን ጨምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በፋብሪካ የተዘጋጁና የታሸጉ ምግቦች ላይ የሶዲየምን መጠን ያንብቡ። ውኃ ውስጥ ሲገቡ የሚፈሉ ክኒኖች ብዙ ሰው የማይጠረጥራቸው የጨው ምንጭ ናቸው፤ አንድ የሚፈላ የፓራሲታሞል ክኒን 400 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ሊይዝ ስለሚችል፣ የሚፈላውን ትቶ ተራውን መዋጥ ይሻላል። የጨው ምትክ ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶች ደግሞ ሶዲየምን በፖታሲየም የተኩ ናቸው፤ ስፓይሮኖላክቶንን፣ ወይም ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚሰጡትን ኢናላፕሪልን ወይም ሎሳርታንን ለሚወስድ ሰው የደም ፖታሲየምን እስከ አደገኛ ደረጃ ሊያደርሱ ይችላሉ።

ውኃን በተመለከተ ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ፤ አንዱ «ኩላሊትን ለማጠብ» ከጥም በላይ መጠጣት፣ ሌላው እብጠት ፈርቶ ውኃ ፈጽሞ መተው ነው። ሐኪም ገደብ ካላስቀመጠ ጥምን ተከትሎ መጠጣት ይበቃል። ሶዲየማቸው የወረደ ወይም ከባድ የልብ ድካም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር እንዲወሰኑ ሊነገራቸው ይችላል።

ደረጃ 7፦ የደም ምርመራ ቀጠሮን አይዝለሉ

የመጀመሪያው ምርመራ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ባሉት ከ1 እስከ 2 ሳምንታት ውስጥ መሠራት አለበት። ስፓይሮኖላክቶን ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በ4ኛው ሳምንት አካባቢ ታይቶ ቀስ በቀስ እየተራራቀ ይሄዳል። የስኳር በሽታ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው፣ አረጋዊም ጭምር፣ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታየት ያስፈልገዋል።

የደም ፖታሲየም በተለምዶ ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር መካከል ይሆናል። በፉሮሰማይድና በሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲወርድ የጡንቻ መዛልና መሸማቀቅ፣ የሆድ ድርቀትና የልብ ምት መዛባት ይታያል። በስፓይሮኖላክቶን ሲጨምር ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም፤ የመጀመሪያው ምልክት የልብ ምት መቆም ሊሆን መቻሉ ነው አስፈሪ የሚያደርገው። ከ5.5 ሲያልፍ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ለጊዜው ያቆመዋል። ደም ሲቀዳ ሴሎቹ ፈንድተው ከሆነ ወይም ናሙናው ሳይመረመር ከቆየ ፖታሲየሙ ሐሰተኛ በሆነ መንገድ ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ ሐኪሙ ምርመራው እንዲደገም ቢያዝ አይገረሙ። ለወረደ ፖታሲየም የፖታሲየም ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ስፓይሮኖላክቶን ከተጨመረልዎ፣ የፖታሲየሙን ክኒን መቀጠል አለብዎ ወይስ ማቆም ብለው በዚያው ቀን ይጠይቁ። ሁለቱ ተደርበው ሳይታወቅ መቀጠላቸው ሊወገድ የሚችል አደጋ ነው።

ሶዲየም ከ135 ሚሊሞል በሊትር በታች ሲወርድ ድካም፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ሊያመጣ ይችላል፤ በሃይድሮክሎሮታያዛይድና በመሰሎቹ ላይ፣ በተለይ በአረጋውያን ሴቶች ዘንድ፣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ክሪያቲኒን በጥቂቱ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱን አይተው በራስዎ አያቁሙ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ከፍ አድርጎት የእግር አውራ ጣት በድንገት ቀልቶ ቢያብጥና ቢያም ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ማስታገሻውን ግን በራስዎ አይምረጡ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይታያል።

ደረጃ 8፦ የሕመም ማስታገሻና ሌሎች መድኃኒቶችን ያጣሩ

አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ናፕሮክሲን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ በዚህም የሚያሸናውን መድኃኒት ሥራ በቀጥታ ይቃረናሉ፣ የልብ ድካምንም ያባብሳሉ። ከሚያሸና መድኃኒትና ከኢናላፕሪል ወይም ከሎሳርታን ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ ደግሞ ለድንገተኛ የኩላሊት መድከም ያጋልጣሉ። ያለ ማዘዣ በቀላሉ የሚገኙ በመሆናቸው ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ይህንን ጥምረት ነው። ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይመረጣል፤ የጉበት በሽታ ያለበት ሰው ግን የቀን መጠኑን ከሐኪም ማረጋገጥ አለበት።

ለልብ የሚሰጠውን ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ሲወርድ በዲጎክሲን ሊመረዝ ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ በመርፌ የሚሰጡ አንቲባዮቲኮች ከፉሮሰማይድ ጋር ሲሆኑ መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ጆሮ መጮኽ ከጀመረ ወዲያው ይናገሩ። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ፖታሲየምን ያሻቅባል። ፕሬድኒሶሎን ጨውና ውኃ ያስይዛል፣ ፖታሲየምንም ያወርዳል። አዲስ መድኃኒት በታዘዘልዎ ቁጥር ለመድኃኒት ባለሙያው «የሚያሸና መድኃኒት እወስዳለሁ» ይበሉ።

ደረጃ 9፦ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ሲመጣ

ሰውነት በሌላ መንገድ ውኃ እያጣ ክኒኑ ማስወጣቱን ከቀጠለ ኩላሊት በአንድ ሁለት ቀን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ገና ጤነኛ እያሉ ሐኪምዎን «ብታመም ምን ላድርግ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሐኪሞች ምግብና መጠጥ በደንብ መውሰድ እስኪቻል ከ24 እስከ 48 ሰዓት መድኃኒቱ እንዲቆም ይመክራሉ፤ ከባድ የልብ ድካም ላለበት ሰው ግን ውሳኔው በስልክም ቢሆን ከሐኪም ጋር መሆን አለበት። ካቆሙ መመዘኑን አያቋርጡ፣ መልሰው የሚጀምሩበትንም ቀን አይርሱ፤ ለጊዜው የተቋረጠ ክኒን በዚያው መቅረቱ የተለመደ ችግር ነው።

ደረጃ 10፦ መድኃኒቱ መሥራት ያቆመ ሲመስል

ፉሮሰማይድ ከተወሰነ መጠን በታች ምንም ያህል ቢደጋገም አይሠራም፤ ያንን መጠን ሲያልፍ ግን ይሠራል። ክኒኑን ውጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሽንትዎ በግልጽ ካልጨመረ ይህን ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አንዱን ክኒን ከፋፍሎ መውሰድ የሚረዳ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወሰደውን መጠን ሐኪሙ መጨመር ሊኖርበት ይችላል። ሽንት ጨምሮ ሚዛኑ ካልወረደ ግን ወደ ጨው ይመለሱ። አንጀት ራሱ ሲያብጥ ክኒኑ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ስለሆነ ለጥቂት ቀናት በደም ሥር መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። ሐኪሙ እንደ ሜቶላዞን ያለ ሁለተኛ የሚያሸና መድኃኒት ከደረበ ውጤቱ ኃይለኛ ስለሚሆን፣ በየቀኑ መመዘንና በጥቂት ቀናት ውስጥ ደም መስጠት ግድ ነው።

ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ ማጠር፣ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ያልተስተካከለ ወይም በጣም የዘገየ የልብ ምት፣ መደናገር፣ ለ12 ሰዓት ያህል ሽንት አለመውጣት፣ የፊትና የከንፈር ድንገተኛ እብጠት፣ ቆዳ መላጥ፣ ድንገተኛ የዓይን ሕመም ከእይታ መደብዘዝ ጋር፤ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አይጠብቁ። የመድኃኒቶችዎን ማሸጊያና የክብደት ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 11፦ አቀማመጥና ማቆም

ፉሮሰማይድ ብርሃን ያበላሸዋል፤ ከመጣበት ዕቃ ሳይወጣ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፣ ቀለሙ የተለወጠ ክኒንም አይዋጥ።

እብጠቱ ከጠፋ በኋላ አንዳንድ ሰዎች መጠኑ ሊቀነስላቸው ወይም መድኃኒቱን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ይህ ግን በሐኪም ውሳኔ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀስ በቀስ ይደረጋል። መጠኑ በተቀነሰ ቁጥር ለቀጣዮቹ ሳምንታት በየጠዋቱ መመዘንዎን ይቀጥሉ። ከደረቅ ክብደት በላይ 2 ኪሎ ከጨመሩ ቅነሳው አልተሳካም ማለት ነውና ወደ ቀድሞው መጠን ስለመመለስ ለሐኪሙ ይደውሉ።